የሯጭ ደም በምን ይለካል?

ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር፣ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሐይቅ ከተማ፣ አንድ የተማሪዎች የስፖርት ውድድር ለማየት ዕድል አጋጥሞኝ ነበር። ሰዓት የሚይዝ ሰው ስለ ጎደለ፣ እኔም ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የወጣሁና ለዘመድ ጥየቃ የመጣሁ እንግዳ ስለ ነበርኩ፣ «አንተ ተምረሃል፤ ያዝ» ተብዬ ሰዓትና ደብተር ተሰጠኝና በሜዳው ጠርዝ ቆምኩ።

የሴቶች የ1,500 ሜትር ሩጫ ሲጀመር ተመልካቹ ሁሉ ዓይኑን የጣለው በአንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጃገረድ ላይ ነበር። ልጅቱ ከአምባሰል ደጋ የመጣችና በከተማው ውስጥ ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ቅዳሜ ወደ ቤተ ሰቦቿ ወጥታ እሑድ ስንቋን ተሸክማ የምትወርድ ናት። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሁሉንም ቀድማ እንደ ነበር በአጠገቤ የቆሙት አጫወቱኝ። በዚያን ቀን ግን ሁለተኛውን ዙር እንደ ጨረሰች ወደ ኋላ መቅረት ጀመረች። በሦስተኛው ዙር ወገቧን ይዛ ጥቂት ተራመደችና ከሣሩ ላይ ቁጭ አለች።

ወዲያው ፍርድ ተሰጠ። አንዱ «ዓይን በልቷታል» አለ። ሌላው «የአምባሰል ልጅ ሆና! ያን የመሰለ የደጋ ደም ይዛ!» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አስተማሪዋም ቀረብ ብለው «አንቺ ልጅ፣ ዘንድሮስ ሰንፈሻል፤ ወኔ ከሌለሽ ቦታውን ለሌላ ልቀቂ» አሏት። ልጅቱ «እሺ ጋሼ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልተናገረችም። እኔም በደብተሩ ላይ «አቋርጣለች» ብዬ ጻፍኩ። በልቤም «እውነትም ወኔ የላትም» ማለቴን ዛሬ ሳልደብቅ እናገራለሁ።

ነገሩ በዚሁ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባላዘጋጀሁ ነበር። አንባቢ ሆይ፣ በዚያች ሜዳ ላይ ከተነገሩት ቃላት ሁለቱን ልብ በልልኝ። አንደኛው የደጋ ሰው ደም ከሌላው ይበልጣል የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ የደከመ ሯጭ ሁሉ ወኔ የጎደለው ነው የሚለው ነው። ሁለቱም በመላ የተነገሩ ናቸው። ይሁን እንጂ ሁለቱንም በላቦራቶሪ መመርመር ይቻላል፤ ተመርምረውም ያውቃሉ።

መጀመሪያ የሰው ጉልበት እንዴት እንደሚለካ እንይ። እንጨት ያለ አየር እንደማይነድ ሁሉ፣ የምንበላውም ምግብ በጡንቻችን ውስጥ ወደ ኃይል የሚለወጠው በኦክሲጅን አማካይነት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ባለ በሌለ ኃይሉ በሚሮጥበት ጊዜ በየደቂቃው ምን ያህል ኦክሲጅን እንደሚጠቀም ማወቅ፣ የሞተሩን መጠን እንደ ማወቅ ይቆጠራል። እንግሊዛዊው ሊቅ አርኪባልድ ሂል፣ በ1922 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ሰው፣ በዚያው ዘመን ከረጢት በጀርባው ተሸክሞ በሣር ሜዳ ላይ እየዞረ በመሮጥ፣ ከአፉ የሚወጣውን አየር እያጠራቀመ ይመረምር ነበር። ወደ ሳምባ የገባውና ከሳምባ የወጣው ኦክሲጅን ሲነጻጸር ልዩነቱ ሰውነት የተጠቀመበት ነው። ሂል በዚህ ዘዴ ለእያንዳንዱ ሰው ከዚያ በላይ ሊያልፈው የማይችለው ወሰን እንዳለው አሳየ።

ዛሬ በታላላቅ ላቦራቶሪዎች ሯጩ የሚሮጠው በሚሽከረከር ምንጣፍ ላይ ነው። አፍንጫና አፉ በጭምብል ይሸፈናል፤ የምንጣፉም ፍጥነት ቀስ በቀስ ይጨመራል። ውጤቱ የሚነገረው ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት፣ በየደቂቃው፣ በሚሊ ሊትር ነው። ወንበር ላይ አርፎ የተቀመጠ ሰው 3.5 ያህል ይበቃዋል። ልምምድ የሌለው ጤናማ ወጣት ወንድ ከ40 እስከ 45 ይደርሳል። በዓለም የታወቁ የረጅም ርቀት ወንዶች ሯጮች ግን ከ70 እስከ 85 ያስመዘግባሉ።

ይህ ሁሉ መሣሪያ የሌለው ትምህርት ቤትም ቢሆን ባዶ እጁን አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ኬኔዝ ኩፐር በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ሰው በ12 ደቂቃ ውስጥ የሚሮጠው ርቀት ለዚሁ ልክ ጥሩ ግምት እንደሚሰጥ አሳይቷል። የተሮጠው ሜትር ተይዞ 504.9 ይቀነሳል፤ የቀረው ለ44.73 ይካፈላል። ለምሳሌ 2,800 ሜትር የሮጠ ተማሪ ውጤቱ 51 ገደማ ይሆናል። ለዚህ የሚያስፈልገው የተለካ ሜዳና አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ኩፐር ስሌቱን ያወጣው በአሜሪካ አየር ኃይል ባልደረቦች ላይ እንጂ በእኛ ደጋ ላይ አይደለም። ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ በምትገኘው በሐይቅ፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ግፊት አምስት እጁ ወደ አራት እጅ ወርዷል። ስለዚህ የሐይቅን ልጅ ከሐይቅ ልጅ ጋር፣ ይልቁንም ከራሱ ካለፈው ዓመት ውጤት ጋር ማመዛዘን ይሻላል።

አሁን ወደ ደሙ እንምጣ። ኦክሲጅንን ከሳምባ ተቀብሎ ወደ ጡንቻ የሚያደርሰው፣ በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ የሚገኘው ሄሞግሎቢን የተባለው ነገር ነው። ደሙን ቀይ የሚያደርገውም እርሱ ነው፤ ለመሠራትም ብረት የተባለውን ማዕድን ይፈልጋል። አንድ ግራም ሄሞግሎቢን 1.34 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክሲጅን ይሸከማል። በመቶ ሚሊ ሊትር ደሙ ውስጥ 15 ግራም ያለው ሰው እንግዲህ 20 ሚሊ ሊትር ኦክሲጅን ይጭናል ማለት ነው። የአንዱ ሰው ሄሞግሎቢን ወደ 9 ግራም ቢወርድ ግን የሚጭነው 12 ብቻ ይሆናል። ነጋዴ በአሥር አህያ ያመላልሰው የነበረውን እህል በስድስት አህያ አመላልስ እንደ መባል ነው። ቁጭ ብሎ ለሚውል ሰው ስድስቱ ይበቁ ይሆናል። በሚሮጥ ጊዜ ግን ልብ ጉድለቱን ለመሙላት ቶሎ ቶሎ መምታት ይኖርበታል። የልብም ምት ወሰን ስላለው፣ ወሰኑ ላይ ሲደረስ ወኔ ኖረም አልኖረ እግር ይቆማል።

ይህን ከተረዳን፣ «የደጋ ደም» የሚለው አነጋገር ከየት እንደ መጣ መገመት አያስቸግርም። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ማራቶንን ሲያሸንፍ፣ ቀጥሎም በ1964 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ ድሉን ሲደግም ዓለም ምክንያቱን ይጠይቅ ጀመር። በ1968 እ.ኤ.አ. ደግሞ ውድድሩ 2,240 ሜትር ከፍታ ባላት በሜክሲኮ ከተማ ተደርጎ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ «ምሥጢሩ ከፍታው ነው፤ ከፍታ ደምን ያበዛል፤ ስለዚህ የኢትዮጵያ ደጋ ሰው ደም ወፍራም ነው» የሚለው ሐሳብ በብዙ ሰው ዘንድ እንደ ተረጋገጠ ነገር ተቆጠረ።

ሐሳቡ ጨርሶ ከሜዳ የተለቀመ አይደለም። ከቆላ ወደ ከፍተኛ ተራራ የወጣ ሰው ኩላሊቱ ኤሪትሮፖየቲን የሚባለውን ሆርሞን ያመነጫል፤ ይህም ቀይ የደም ሕዋሳት እንዲበዙ ያደርጋል። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች ላይ የሚኖሩ ሰዎችም ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ያለ መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። ታዲያ የእኛስ ሰው እንደዚሁ ነውን?

መልሱ የተገኘው ከዚሁ ከአማራ ክልል ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ወደ ሰሜን ተራራ አካባቢ መጥተው፣ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላትን የደባርቅን ሰዎች ከዝቅተኛው ከአዲ አርቃይ ሰዎች ጋር አነጻጽረው ነበር። የሰውነታቸውን፣ የሳምባቸውንና የደማቸውን ሁኔታ መርምረው ውጤቱን በ1969 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት ምሁርና ባልደረቦቻቸው፣ በዚያው በሰሜን ተራራ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መረመሩ። ከጣት ጫፍ የደሙን የኦክሲጅን ሙሌት ለኩ፤ ሄሞግሎቢኑንም መዘኑ። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት ብዙ ሊቃውንትን አስገረመ። የወንዶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን 15.9 ግራም፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም ነበር። ይህ በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ጤናማ ሰው ጋር የሚቀራረብ ነው። የኦክሲጅን ሙሌታቸውም በአማካይ 95.3 ከመቶ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ እናስተውል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ግፊት ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። የአንዲስ ሰው ጉድለቱን ደሙን በማብዛት ይወጣዋል። የቲቤት ሰው ሄሞግሎቢኑ ባይበዛም የደሙ ሙሌት ዝቅ ይላል። እነዚያ የሰሜን ገበሬዎች ግን ደማቸው አልበዛም፤ ሙሌቱም እምብዛም አልቀነሰም። በሰሜን ተራራና በባሌ ተደርጎ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የባሌ ደገኞች ሄሞግሎቢን ከሰሜኖቹ ከፍ ያለ መሆኑን ስላሳየ፣ «የኢትዮጵያ ደም» ተብሎ በአንድ ቃል የሚነገር ነገር እንደሌለ ተረዳን። እንግዲህ «የደጋ ደም ወፍራም ነው» የሚለው አባባል በሰሜን ተራራ ተመዝኖ ቀሎ ተገኝቷል።

የሯጮቻችንንም ነገር በዚሁ ዓይን መመልከት ይገባል። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት የኢትዮጵያን ታላላቅ የረጅም ርቀት ሯጮች አስተዳደግ ጠይቆ ነበር። ብዙዎቹ ከአርሲና ከሸዋ የመጡ ሲሆኑ፣ ከሌላው ሰው ይልቅ በልጅነታቸው ወደ ትምህርት ቤት ሩቅ መንገድ በሩጫ የተመላለሱት እነርሱ ናቸው። የከፍታው አየር ድርሻ የለውም ማለት አይደለም። ነገር ግን ከልጅነት ጀምሮ የተሮጠ መንገድ፣ ልምምድ፣ ምግብና ጤና አንድ ላይ ሆነው ሯጩን እንደሚሠሩት ግልጥ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ደጋ ተወልዶ ማደግ ብቻውን አያድንም።

ወደ ሐይቋ ልጃገረድ ልመለስ። ውድድሩ ካለፈ በኋላ አክስቷ «ልጄ ደረጃ ስትወጣ እንኳ ልቧ ይመታል፤ ይህ የስንፍና ነገር አይደለም» ብለው ይዘዋት ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ። የላቦራቶሪው ባለሙያ ከጣቷ ጥቂት ደም ወስዶ መረመረ። ሄሞግሎቢኗ 9 ግራም ነበር። ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ የሆነችና ያልፀነሰች ሴት ከ12 ግራም በታች ከወረደች የዓለም የጤና ድርጅት ደም ማነስ ይለዋል፤ በከፍተኛ ቦታ ላይ ለሚኖር ሰው ደግሞ ወሰኑ ከዚህም ከፍ ይደረጋል። ሰገራዋም ሲመረመር የቢልሃርዚያ እንቁላል ተገኘበት። ልጅቱ ደንግጣ ስታለቅስ ባለሙያው በወሎ ደንብ «አብሽሪ እኅቴ፤ መድኃኒት ያለው ነገር ነው» ብሎ እንዳጽናናት አክስቷ ነግረውኛል።

ይህ በእርሷ ላይ ብቻ የደረሰ እንግዳ ነገር እንዳይመስለን። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በሐይቅ ከተማ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የአንጀት ቢልሃርዚያ መኖሩን አረጋግጦ፣ አካባቢውን በአዲስ የበሽታው ሥፍራነት መዝግቦታል። የበሽታው ትል በጨው አልባ ውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ አማካይነት ያድጋል፤ ከዚያም በወንዝ በሚዋኝ፣ ልብስ በሚያጥብ ወይም ውኃ በሚሻገር ሰው ቆዳ አልፎ ይገባል። እንቁላሉ አንጀትን እያቆሰለ ደም ቀስ በቀስ እንዲባክን ያደርጋል። ወባና ደም የሚመጥጡ የአንጀት ትሎችም እንዲሁ ደምን ያሳንሳሉ። በዚህ ላይ በወር አበባ የሚሄደው ደምና ብረት ያነሰው ምግብ ሲጨመር፣ ለልጃገረድ ሯጭ ሸክሙ እጥፍ ይሆናል። ምግብ በልቶ ወዲያው ቡና ወይም ሻይ መጠጣት እንኳ ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ እንደሚቀንስ ማወቅ ይጠቅማል።

ከቢልሃርዚያ ጋር የሚደረገው ትግል ለአገራችን ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ተንሳፈው በማየታቸው፣ የእንዶድን ኃይል ለዓለም ያሳወቁ ሰው ናቸው። እርሳቸውም የጀመሩት በማስተዋል ነበር። በሐይቁ ሜዳ ላይ የቆምነው ሁላችን ግን ልጅቱን አየናት እንጂ አላስተዋልናትም።

ልጅቱ ፕራዚኳንቴል የተባለውን መድኃኒት ዋጠች፤ ለሦስት ወርም የብረት እንክብል ወሰደች። ዘንድሮ በዚያው ሜዳ በ1,500 ሜትር እንደ ገና ተሰልፋ ነበር። አንባቢ አንደኛ ወጣች የሚል ወሬ ይጠብቅ ይሆናል። አንደኛ አልወጣችም፤ አራተኛ ሆና ጨረሰች። ነገር ግን ሳትቀመጥ ጨረሰች። ዘንድሮ ሰዓት የያዝኩት እኔ ባልሆንም፣ በመጨረሻው መስመር ላይ ቆሜ «ባለፈው ዓመት ስለ አንቺ ክፉ አስቤ ነበር፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» ብያታለሁ። እርሷም ፈገግ ብላ «ያኔ እኔም ስለ ራሴ እንደዚያው አስቤ ነበር» አለችኝ። አነጋገሯ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። በመላ የተሰጠ ፍርድ ከሁሉ የሚከፋው ተፈራጁ ራሱ ሲያምነው ነውና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። «እንግዲያው ደም ማብዛት ድል ያስገኛል» ብሎ የሚያስብ ወጣት ሊኖር ይችላል። ኤሪትሮፖየቲንን በመርፌ እየወሰዱ ደማቸውን ያበዙ ስፖርተኞች በሌላው ዓለምም በእኛም አገር ታይተዋል። ይህ ማታለል ብቻ ሳይሆን በሕይወት መጫወት ነው። ከልክ በላይ የወፈረ ደም በሥር ውስጥ ሊረጋና ልብን ወይም አእምሮን ሊመታ ይችላል። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስፖርተኞች የደም ልክ በየጊዜው የሚመዘገብበት የባዮሎጂ ፓስፖርት የሚባል ዘዴ ሥራ ላይ ስለዋለ፣ ሰው ከራሱ የቀድሞ ልክ ጋር እየተመሳከረ ይጋለጣል። የጎደለን ደም በሕክምና መመለስና የሞላን ደም በስርቆት ማትረፍረፍ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። የብረት እንክብልም ቢሆን ያለ ምርመራ የሚዋጥ ከረሜላ አይደለም።

ላቦራቶሪም ቢሆን ነቢይ አይደለም። ከሁለት ሯጮች ኦክሲጅን የመጠቀም ወሰኑ ከፍ ያለው ሁልጊዜ አይቀድምም። ኃይልን ቆጥቦ መሮጥ፣ የውድድር ብልኃትና ትዕግሥት በደም ጠብታ ውስጥ አይታዩም። ነገር ግን ላቦራቶሪ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ደካማውን ከበሽተኛው ይለያል። ይህም ለአንድ የገጠር ልጅ የሕይወት ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ በየወረዳው የትምህርት፣ የስፖርትና የጤና ቢሮ ለተቀመጣችሁት ወጣት ሹማምንት አንድ አሳብ አቀርባለሁ። የተማሪዎች ውድድር ከመደረጉ ከአንድና ከሁለት ወር በፊት ለሯጮቹ የሄሞግሎቢንና የሰገራ ምርመራ ይደረግላቸው። የ12 ደቂቃው ሩጫም በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ተለክቶ በደብተር ይያዝ። ለዚህ የሚያስፈልገው በጤና ጣቢያው ያለው ማይክሮስኮፕ፣ የጣት መውጊያና በሁለቱ ቢሮዎች መካከል የሚጻፍ አንድ ደብዳቤ ነው። ውጤቱ የተማሪው ምሥጢር ይሁን፤ ለማባረሪያ ሳይሆን ለማሳከሚያ ይዋል። እናንተም ተማሪዎች፣ ከወትሮው ውጭ ትንፋሽ ቢያጥራችሁ፣ ልባችሁ ቢመታ፣ ዓይናችሁ ብዥ ቢል ዝም አትበሉ። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለሯጭም ይሠራል።

በሐይቁ ሜዳ በሚመጣው ግንቦትም ውድድር ይኖራል። ሰዓት ያዝ ብባል እሺ እላለሁ። አንዱ ልጅ አቋርጦ ቢቀመጥ ግን «አቋርጧል» ብዬ ከመጻፌ በፊት፣ «ደምህን ተመርምረሃል ወይ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ።